የጥር ብርና የመስከረም ደብተር
በሁሩታ ከተማ ለሕዝብ ከቀረበ ገለጻ በጽሑፍ የተዘጋጀ



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ሦስት ዘርፍ አለው፤ የግል ገንዘብ አያያዝ፣ የንግድ አመራርና የትምህርት መሻሻል። በአገራችን በእነዚህ ጉዳዮች ላይ የሚዘጋጁ ሥልጠናዎች ብዙ ጊዜ በተለያየ ቀን፣ በተለያየ አሠልጣኝና ለተለያየ ታዳሚ ይሰጣሉ። ገንዘቡ ለነጋዴው፣ አመራሩ ለኃላፊው፣ ትምህርቱ ለመምህሩ ይደርሳል። በአንድ የሁሩታ ቤት ውስጥ ግን ሦስቱ የሚገናኙበት ቀን አለ። እርሱም ልጅ ደብተርና የደንብ ልብስ ይዞ ትምህርት ቤት መቅረብ ያለበት የመስከረም ሰኞ ነው። ዛሬ ልናገር የመጣሁት ስለዚያ ሰኞና ከእርሱ በፊት ስላሉት ስምንት ወራት ነው።

በመጀመሪያ የዘመን አቆጣጠራችንን እንመልከት። ሁሩታ የሎዴ ሄቶሳ ወረዳ መቀመጫ ናት፤ የአርሲ የስንዴ አገር ከተማ ናት። ስንዴው በክረምቱ መግቢያ ይዘራል፤ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ይታጨዳል፣ ይወቃል፣ ይሸጣል። ስለዚህ የገበሬው ቤት ብር በብዛት የሚያየው በታኅሣሥና በጥር ነው። ከገበሬው ጋር የሚገበያዩት ባለሱቁ፣ ልብስ ሰፊው፣ ባለ ጋሪው፣ ምግብ ቤት ያላት ሴት ሁሉ ገበያቸው የሚደምቀው በዚያው ወቅት ነው። ከዚያ በኋላ ገንዘቡ እየሳሳ ይሄዳል። ሐምሌና ነሐሴ ጎተራውም ኪሱም የሚጎድልበት ጊዜ ነው። ትምህርት ቤት የሚከፈተው በመስከረም ነው፤ ብር በጥር ይመጣል፣ ደብተር በመስከረም ይጠየቃል። ይህ የማንም ስንፍና ውጤት አይደለም፤ የዝናቡና የትምህርት ሚኒስቴር የቀን መቁጠሪያ አለመገጣጠም ነው።

ታዲያ ስለ ገንዘብ አያያዝ የምንሰጠው ሥልጠና በየትኛው ወር ነው የሚደረገው? ሥልጠና ተካፍላችሁ የምታውቁ ሁላችሁ መልሱን ታውቁታላችሁ። ብዙው የሚደረገው በግንቦትና በሰኔ ነው። ምክንያቱም የመንግሥት የበጀት ዓመት ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል፤ ያልተሠራበት የሥልጠና ገንዘብ ተመላሽ ይሆናል። አዳራሹ ይሞላል፣ አበል ይከፈላል፣ ፎቶ ይነሣል። የቁጠባን ጥቅም የሚሰማው ሰው ግን በዚያ ሰዓት የሚቆጥበው ብር የለውም። በጥር ብር በእጁ በነበረበት ጊዜ ምክር የሰጠው ሰው አልነበረም።

ይህ የኔ ትዝብት ብቻ አይደለም። ፈርናንዴዝ፣ ሊንችና ኔትሜየር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 በልዩ ልዩ አገሮች የተሠሩ 168 ጽሑፎችን ሰብስበው መረመሩ። ሰዎች በገንዘብ አያያዝ ረገድ ከሚያሳዩት ልዩነት ውስጥ በሥልጠናው የሚብራራው 0.1 በመቶ ብቻ ሆኖ አገኙት፤ ከአንድ መቶው አንዱ እንኳ አይሞላም፣ ከሺው አንዱ ነው። ደግሞም የተማሩት ነገር ከወራት በኋላ ይረሳል። ከዚያ ወዲህ በዕጣ በተመደቡ ሰዎች ላይ የተደረጉ ሙከራዎችን የሰበሰቡ ሌሎች ተመራማሪዎች የተሻለ ውጤት አሳይተዋል፤ ስለዚህ ሥልጠና ሁሉ ከንቱ ነው አልልም። ነገር ግን የመጀመሪያዎቹ ያቀረቡት ምክር ለእኛ ይጠቅመናል፤ ትምህርቱ ውሳኔው ከሚወሰንበት ቀን አጠገብ ይሰጥ ይላሉ።

የጊዜ ጉዳይ ምን ያህል ኃይል እንዳለው በጎረቤታችን በኬንያ ታይቷል። ዱፍሎ፣ ክሬመርና ሮቢንሰን በምዕራብ ኬንያ ለበቆሎ ገበሬዎች ማዳበሪያ አቀረቡ። አንዳንዶቹ ምርታቸውን እንደሰበሰቡ ወዲያው፣ ብሩ ገና ሳይበተን፣ ለሚቀጥለው ዘር የሚሆነውን ማዳበሪያ እንዲገዙና ያለ ተጨማሪ ክፍያ እስከ ቤታቸው እንዲደርስላቸው ተደረገ። የዋጋ ቅናሽ አልነበረውም፤ ነጻ ማድረሻ ብቻ ነበር። ለሌሎቹ ደግሞ ዘግይቶ፣ ማዳበሪያው ማሳ ላይ በሚጨመርበት ወቅት፣ በግማሽ ዋጋ ቀረበላቸው። የሁለቱ ውጤት ተቀራራቢ ሆነ። በትክክለኛው ሳምንት የቀረበች ትንሽ ምቾት ዘግይቶ ከመጣ የ50 በመቶ ቅናሽ ጋር እኩል ሠራች ማለት ነው። እኔ ይህን ጥናት ለተማሪዎቼ ሳስተምር ማዳበሪያ የሚለውን ቃል አውጥተው ደብተር በሚለው እንዲተኩት እጠይቃቸዋለሁ።

አሁን ወደ ሒሳቡ ልግባ። ቁጥሮቹ ለማስተማሪያ የተመረጡ ናቸው፤ የገበያውን ዋጋ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። አንድ ኩንታል ስንዴ በታኅሣሥ 5,000 ብር፣ በሐምሌ 6,000 ብር ያወጣል እንበል። አሥር ኩንታል ያለው ሰው አሁን ቢሸጥ 50,000 ብር ያገኛል። ቢያቆየውና ነቀዝ ከአሥሩ አንዱን ቢበላበት ዘጠኝ ኩንታል ይቀረዋል፤ በ6,000 ሲባዛ 54,000 ብር ነው። ለከረጢትና ለመድኃኒት 1,000 ብር ቢያወጣ 53,000 ይቀራል። ትርፉ በሰባት ወር 3,000 ብር፣ ማለትም 6 በመቶ ነው። ይህ ሰው በዚያው ጊዜ 50,000 ብር ዕዳ ቢኖርበትና እስከ ሐምሌ 10 በመቶ ወለድ ቢጠየቅ 5,000 ብር ይከፍላል፤ ስንዴውን በማቆየቱ 2,000 ብር ከሰረ ማለት ነው። ስለዚህ «እህል አትሽጡ፣ ዋጋው ይጨምራል» የሚለው አጠቃላይ ምክር አያስኬድም። ዕዳ የሚከፈልበት እህል በጊዜ ይሸጣል፤ ዕዳ የሌለበት ይቆያል። ነቀዝን የሚከላከል፣ አየር የማያስገባ ከረጢት የተጠቀመ ሰው ደግሞ ሒሳቡ ይለወጥለታል። በዚያ ጊዜ የመቆየቱ ትርፍ ከወለዱ ሊበልጥ ይችላል።

«ታዲያ ሸጦ ባንክ ማስገባትስ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አደረገው። በ2014 ዓ.ም. ግን የዋጋ ግሽበቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በዚያ ዓመት 10,000 ብር ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ 10,700 ብር አወጣ፤ በ10,000 ብር ይገዛው የነበረው ዕቃ ግን ከ13,000 ብር በላይ ሆኖ ጠበቀው። ብሩ በቁጥር አደገ፣ በመግዛት አቅም ከአምስት እጅ አንድ እጅ ሊሞላ የተቃረበውን አጣ። ይህን የምለው ባንክን ለማጥላላት አይደለም። ብር ከቤት ይልቅ ባንክ ቢቀመጥ ከእሳት፣ ከሌባና ከዘመድ ልመና ይጠበቃል፤ የመጨረሻው ጥበቃ ቀላል አይምሰላችሁ። ነገር ግን ለስምንት ወር የሚቀመጥ ሀብት በምን መልክ ይቀመጥ የሚለው ራሱን የቻለ ውሳኔ ነው። «ቆጥቡ» ብሎ ብቻ የሚሄድ አሠልጣኝ የጥያቄውን ግማሽ ትቶታል።

ለዚህ ነው ለትምህርት ቤት ወጪ ቀላል ደንብ የማቀርበው። ሦስት ልጆች ያሉት ቤት ለደብተር፣ ለእስክሪብቶ፣ ለደንብ ልብስ፣ ለጫማና ለቦርሳ በመስከረም 9,000 ብር ያስፈልገዋል ብንል፣ በታኅሣሥ ዋጋ ሁለት ኩንታል የማይሞላ ስንዴ ነው። አውድማው ላይ እያለ ሁለት ኩንታል ይለይ፤ ከረጢቱ ላይ የልጆቹ ስም ይጻፍ። ስም የተጻፈበት ከረጢት ለሠርግ፣ ለበዓል በግ ወይም ለስልክ መግዣ ሲባል ተነሥቶ ገበያ አይወጣም፤ ቢወጣም ቤተሰቡ ሁሉ ያውቀዋል። የትምህርት ዕቃ ዋጋ ሲጨምር አብዛኛውን ጊዜ የእህሉም ዋጋ አብሮ ይጨምራል።

ደንቡን ቀላል ያደረግሁት በዘፈቀደ አይደለም። ድሬክስለር፣ ፊሸርና ሾር በዶሚኒካን ሪፐብሊክ አነስተኛ ነጋዴዎችን በሁለት መንገድ አሠለጠኑ። ለአንደኛው ቡድን መደበኛ የሒሳብ አያያዝ ተሰጠ። ለሁለተኛው ግን የንግዱንና የቤቱን ብር በሁለት መሳቢያ ለይ የሚል ዓይነት አጭር ደንብ ብቻ ተነገረው። እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመው ውጤት መሠረት አጭር ደንብ የተነገራቸው አሠራራቸውን አሻሻሉ፤ ሙሉውን የሒሳብ ትምህርት የተማሩት ያን ያህል ለውጥ አላሳዩም። እኔ ሒሳብ የማስተምር ሰው ስለሆንሁ ይህ ውጤት ደስ አያሰኘኝም፤ ሆኖም እውነት ነው።

እዚህ ላይ ስለ አርሲ ታሪክ ጥቂት ልበል፤ ምክንያቱም በኢትዮጵያ ውስጥ ለገበሬ ሥልጠና የመስጠት ሥራ በስፋት ከተሞከረባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ምድር ነው። በተለምዶ ካዱ የሚባለው የጭላሎ የግብርና ልማት ድርጅት በስዊድን መንግሥት ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ1967 አሰላን ማዕከል አድርጎ ተቋቋመ። ከአሰላ በስተሰሜን የሚገኘው የኩሉምሳ የምርምር ማዕከልም ከዚያ ዘመን ጀምሮ የስንዴ ዘር ሲያሻሽል የኖረ ነው። ካዱ ገበሬውን በአዳራሽ ሰብስቦ ንግግር በማድረግ ብቻ አልቆመም። በአርአያ ገበሬ ማሳ ላይ ዘሩን አሳየ፣ ማዳበሪያውን በብድር ሰጠ፣ ገበያ አመቻቸ። ትምህርቱ፣ ብድሩና ዘሩ በአንድ ወቅት በአንድ እጅ ደረሱ። ምርት አደገ።

ይሁንና ሌላም ነገር ሆነ። ስንዴ ትርፋማ መሆኑን ያዩ ባለ መሬቶች ትራክተር እያስገቡ ጭሰኞቻቸውን ከመሬቱ አፈናቀሉ። ሥልጠናው ያመጣው ሀብት መሬቱ በእጁ ላልሆነው ሰው መከራ ሆነበት። መሬት ለአራሹ የታወጀው በራሳችን አቆጣጠር የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው፤ የሁለቱ ዓመታት ቁጥር መመሳሰል አያሳስታችሁ፣ በመካከላቸው ሰባት ዓመት ከመንፈቅ ያህል አለ። ከዚህ ታሪክ የምወስደው ለአሠልጣኞች የሚሆን ጥያቄ ነው። በሥልጠናው ምክንያት የሚገኘው ብር በማን እጅ ይገባል? ስንዴውን የሚሸጠው አባት፣ ደብተሩን የምትጠየቀው እናት ከሆነች፣ አባትን ብቻ ጠርተን የምናስተምረው ትምህርት ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል።

ወደ ትምህርቱ ልምጣ። ለእኛ ቅርብ የሆነው ጥናት የተደረገው በዚሁ በኦሮሚያ፣ በሐረርጌ ዶባ ወረዳ ነው። በርናርድ፣ ደርኮን፣ ኦርኪንና ዓለማየሁ ሥዩም ታፈሰ በዕጣ ለተመረጡ የገጠር ሰዎች አንድ ሰዓት ያህል የሚፈጅ ዘጋቢ ፊልም አሳዩ። በፊልሙ የታዩት እንደ ተመልካቾቹ ያሉ፣ በዚያው ዓይነት መንደር ተወልደው ያለ መንግሥትና ያለ ድርጅት እርዳታ በግብርናና በትንሽ ንግድ ኑሯቸውን ያሻሻሉ ሰዎች ነበሩ። ስለ ወለድ፣ ስለ በጀት ወይም ስለ ትምህርት ጥቅም ንግግር የሚያደርግ አሠልጣኝ አልነበረም። ከስድስት ወር በኋላ ተመልካቾቹ የተሻለ ሲቆጥቡ፣ ለልጆቻቸው ትምህርት የበለጠ ሲያወጡና ልጆቻቸውን ሲያስመዘግቡ ተገኙ። ለውጡ ትልቅ ነበር አልልም፤ አንድ ሰዓት ግን ለአንድ ሰዓት ብዙ ነው። ገንዘብና ትምህርት በአንድ ቤት ውስጥ አብረው እንደሚንቀሳቀሱም አሳይቷል።

በዩጋንዳም ካርላንና ሊንደን በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተማሪ ቁጠባ ሣጥን አስቀምጠው ሞከሩ። ገንዘቡ በጥሬው የሚመለስላቸው ልጆች፣ ለትምህርት ዕቃ ብቻ በሚያገለግል ደረሰኝ ከሚመለስላቸው ይልቅ ብዙ ቆጠቡ። የትምህርት ዕቃ ግዥውና የፈተና ውጤቱ የተሻሻለው ግን ወላጆችም ተጠርተው ሲወያዩ ነው። የሁሩታ መምህራን ይህን ልብ እንድትሉት እፈልጋለሁ፤ ወላጆችን ለስብሰባ የምንጠራው ልጅ ሲያጠፋ ወይም መዋጮ ሲፈለግ ብቻ ከሆነ፣ በጥር አንድ ቀን ስለ መስከረም ለመነጋገር መጥራት ይቻላል።

የቀረው አመራር ነው። «የንግድ አመራር» ሲባል ብዙዎቻችሁ ከረባት ያሠረ የኩባንያ ሥራ አስኪያጅ ይታያችሁ ይሆናል። በዚህ አካባቢ የሰው ገንዘብ ተቀብሎ የሚያስተዳድረው ሰው በብዛት የዕድር ዳኛ፣ የዕቁብ ጸሐፊ፣ የገንዘብ ቁጠባና ብድር ማኅበር ሰብሳቢ ነው። አርሲ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ አለው። በ1980ዎቹ በዎተርኤይድ ድጋፍ የተሠራው የሄቶሳ የመጠጥ ውኃ በቧንቧ በስበት ኃይል የሚወርድ ነው። ሕዝቡ በጉልበቱና በገንዘቡ ተሳትፎበታል፤ አስተዳደሩም ተጠቃሚው በመረጣቸው ኮሚቴዎች እጅ እንዲሆን፣ ለሚቀዳውም ውኃ እንዲከፈል ተደርጎ ተጀመረ። ሒሳብ የሚያዝ፣ ሒሳብ የሚጠየቅ የገበሬ አመራር እዚሁ አለ። ከውጭ መጥቶ መሠረቱን የሚጥል አሠልጣኝ አያስፈልገንም።

በገጠር ኢትዮጵያ የተደረገ ሌላ ጥናት የዝናብ መድን ለዕድር አባላት ሲቀርብ ምን እንደሆነ አይቷል። ለአንዳንዶቹ ዕድሮች መድኑ ለግለሰብ ያለው ጥቅም ተብራራ፤ ለሌሎቹ በዕድሩ ውስጥ እንዴት ሊጋሩት እንደሚችሉ ተነገራቸው። ስለ መጋራት የሰሙት የበለጠ ገዙ። እኛ ኢትዮጵያውያን ገንዘብን ለብቻችን አናስበውም፤ የግል ገንዘብ አያያዝ የሚለው የሥልጠና ስም ራሱ ለእኛ ጠባብ ልብስ ነው።

ይህን ሁሉ ይዤ ለፋኩልቲያችን ያቀረብሁት ሐሳብ እንዲህ ነው። ሦስቱ ዐውደ ጥናቶች ወደ አንድ ይጠቃለሉ፤ ከሰኔ ወደ ታኅሣሥ መጨረሻና ጥር ይዛወሩ። ታዳሚው ባልና ሚስት በአንድነት፣ ከዕድር መሪዎችና ከመምህራን ጋር ይሁን። የሚታደለው ወረቀት አንድ ገጽ ሆኖ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ይጻፍ፤ በላዩ ላይ የአሥራ ሦስቱ ወራት ሠንጠረዥና የሚገባና የሚወጣ ገንዘብ የሚጻፍበት ባዶ ቦታ ይኑረው። በበጀት ረገድ አስቸጋሪ መሆኑን አውቃለሁ፤ የበጀት ዓመቱ ግማሽ ላይ ሥልጠና የሚያዘጋጅ መሥሪያ ቤት እምብዛም አይገኝም።

ከታዳሚዎች ከቀረቡት ጥያቄዎች ሁለቱን ከነመልሳቸው እዚህ አስገብቻለሁ።

አንድ አዛውንት «ስሙ የተጻፈበት ከረጢት በግንቦት ሰው ቢታመምብኝ ምን ይሆናል?» ሲሉ ጠየቁ። ኦቦ፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው። ሰው ከታመመ ከረጢቱ ይሸጣል፤ የሰው ሕይወት ከደብተር ይቀድማል። ነገር ግን ዕድራችን የሚረዳው ሰው ሲሞት ብቻ ነው ወይስ ሲታመምም ያበድራል? በአገራችን ለሕመም የሚያበድሩ ዕድሮች አሉ። የእናንተ ዕድር ይህን በመተዳደሪያ ደንቡ ቢጨምር፣ ታማሚው ይታከማል፤ ከረጢቱም እስከ ነሐሴ ይደርሳል። ብድሩ በታኅሣሥ ይመለሳል፤ በመስከረም እንዲመለስ አታድርጉ።

አንዲት እናት ደግሞ እንዲህ አሉ፤ «እኔ መሬት የለኝም፣ እንጀራ ጋግሬ ነው የምሸጠው። የእናንተ ከረጢት ለእኔ ምኔ ነው?» አዴ፣ እውነትዎን ነው፤ ለእርስዎ እህል የሚገዙት ዕቃ ነው፣ የሚሸጡት አይደለም። ለእርስዎ የሚሆነው ዕቁብ ነው። ሃያ ሰው በየሳምንቱ 1,000 ብር ቢጥል ዕጣው 20,000 ብር ይሆናል። በመጀመሪያው ሳምንት የወሰደ ሰው ያለ ወለድ ተበደረ፤ በመጨረሻው የወሰደ ያለ ወለድ ቆጠበ፣ የዋጋ ግሽበቱንም እርሱ ተሸከመ። ስለዚህ ተራው በዕጣ ብቻ መሆን የለበትም። ዕቁቡ ሚያዝያ 10 ቀን ቢጀመር ሃያው ሳምንት ነሐሴ መጨረሻ ላይ ያልቃል። ዕቃ ገዝተው የሚነግዱት አባላት የመጀመሪያዎቹን ተራዎች ይውሰዱ፤ ልጅ የሚያስመዘግቡት የመጨረሻዎቹን ይውሰዱ፤ ቀድሞ የወሰደውም ዋጋው ስለሚጨምርባቸው ለኋለኞቹ ጥቂት ብር ይጨምርላቸው፤ ስንት እንደሆነ አባላቱ ይስማሙበት። ቀድሞ ለሚወስድ ሰው ዋስ አስጠሩ፤ ስምምነቱን በጽሑፍ አድርጉት። ጸሐፊ ካስፈለጋችሁ የሒሳብ ተማሪዎቻችን በሚያዝያ ቅዳሜ መጥተው መዝገቡን ከእናንተ ጋር ይጀምራሉ፤ ስማችሁን ከአዳራሹ በር ላይ ላለችው ረዳታችን አስመዝግቡ።